አባቢ የገለበጠው ፊደል

ከአገሬ በምወጣበት ቀን ዋዜማ፣ መግሪብ ተሰግዶ እራት ከተበላ በኋላ፣ እማ ጓዳ ገብታ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋትና ሽንኩርት እየላጠች ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እራት ከተበላ በኋላ ደግሞ ማን ሽንኩርት ይልጣል!

«አገሬ» ስል እንዳትስቁብኝ። የእኔ አገር ከአጋሮ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ከሰው ይልቅ የቡና ዛፍ የሚበዛበት ሰፈር ነው። የተሰደድኩትም ጅማ ነው። አዎ፣ ጅማ! በአይሱዙ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ። የክፍላችን ልጆች «ይሄም ስደት ተብሎ ይጻፋል?» ብለው ሙድ ያዙብኝ። እኔ ግን ወላሂ እላለሁ፤ ከደጇ እስከ ምንጩ ያለውን እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሯ የምታውቅ ልጅ፣ በማግስቱ አንድም ድንጋይ የማታውቅበት ቦታ ከተገኘች ተሰዳለች፤ ባሕር ባትሻገርም። ከተወለድኩ ጀምሮ ዓይኔ አያይም። ድንጋዮቹን በእግሬ የማውቃቸው ለዚህ ነው። ይሄን የምጽፈው እዚያ ለቀራችሁት ነው፤ ደግሞም እንደ እኔ የአባታችሁን ክንድ ይዛችሁ ከየቡና ከተማው ጅማ ለገባችሁት።

ስሜ ፎዚያ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ። ያኔ አሥራ አራት ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት የሚባለውን የማውቀው ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ሲመለሱ በሚያወሩት ብቻ ነው። ሥራዬ ሰፌድ ላይ የተዘረገፈ ቡና እየዳሰስኩ የነቀዘውን፣ የተሰበረውንና ጠጠሩን መልቀም ነበር። አባቢ «የፎዚያ ጣት ከማሽን ይበልጣል» እያለ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወራ ነበር። አባቢ ማለት አባቴ ከድር ነው። ቡና ማጠቢያው ጣቢያ የአልጋ ኃላፊ ነበር። አልጋ ስል የምንተኛበትን አይደለም፤ የታጠበው ቡና የሚሰጣበትን ረጅም የወንፊት ቆጥ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቡናው እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል፤ አባቢ ያቺን ሰዓት ያለ ሰዓት ያውቃታል። እኔንም እንደ ቡናው ነው ያሳደገኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የትም ብቀመጥ መጥቶ፣ ክንዴን ይዞ፣ ጥላ ውስጥ ያስገባኛል። ክረምት እንኳ ቢሆን፣ ደመና እንኳ ቢሆን!

ወሬውን ያመጣው ቡና ሊጭን የመጣ ሹፌር ነው። ጅማ ውስጥ ዓይናቸው የማያይ ልጆች በጣታቸው ማንበብ የሚማሩበት ክፍል አለ አለ። አባቢ ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ገበታ ላይ «ቡና በጣቷ ካነበበች ፊደል ምን ይሳናታል?» ብሎ ተናገረ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ይሄን ክረምት ሞክሩ» አለች እማ። «ከተቀበሏት እሰየው። ካልተቀበሏት ግን ቡናው ሳይቀላ ትመለሳላችሁ። አልጋውን ማን ይጠብቀዋል? ልጆቹስ?»

«ኢንሻአላህ» አለ አባቢ።

«ኢንሻአላህ ብቻ አትበለኝ፤ እሺ በለኝ።»

«እሺ፣ ኢንሻአላህ።»

ከዚያ ነው ጓዳ ገብታ ሽንኩርት የላጠችው። ጠዋት ስንወጣ አንድ ጨርቅ ጀንፈል ቋጥራ ሰጠችን፤ ከነልጣጩ የደረቀ፣ ገና ያልተፈለፈለ ቡና ማለት ነው።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ጅማ እኮ ነው የምንሄደው!» አለ አባቢ። «ጅማ ቡና የለም?»

«የኛ ቡና የለም» አለች። 

ጅማ መጀመሪያ የደረሰችኝ በአፍንጫዬ ነው። እኛ ጋ ከማጠቢያው ወንዝ የሚመጣው የቡና ገለፈት ይሸታል፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ለለመደው የሚጣፍጥ። ጅማ የባጃጅ ጭስና ትኩስ ሳምቡሳ ትሸታለች። ዝናቡ እንኳ ጠባዩ ሌላ ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ የቡናውን ቅጠል ያንኳኳል፣ መጣሁ ይላል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። እዚህ ሳያንኳኳ ቆርቆሮው ላይ ይወድቃል። ሰውም እንደዚያው። እኛ ጋ አንድ ሰው ሲመጣ ገና ከሩቅ «ፎዚያ፣ እኔ ነኝ፣ አሚና ነኝ» ይላል። እዚህ ኮቴው ብቻ ያልፋል። ካናገረም የሚያናግረው አባቢን ነው። «ምን ትበላለች? ስሟ ማነው?» ሲሉት፣ የአባቢ መልስ ሁሌም አንድ ነበር፤ «አፍ አላት፤ ጠይቋት።»

መጀመሪያ ሰቶ ሰመሮ የሚባል ሰፈር ቤት ፈለግን። አከራዩ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው ያናገረን።

«ልጅቷ ምን ሆና ነው?»

«ዓይኗ አያይም እንጂ ምንም አልሆነች።»

«እሳት ብታስነሳብኝስ?»

«እርስዎ እሳት አስነስተው ያውቃሉ?»

«እኔማ አያለሁ!»

«እሳት የሚያስነሳው እኮ ክብሪቱን የት እንዳስቀመጠ የረሳ ሰው ነው፤ እሷ አትረሳም።»

በሩ ተዘጋ። የሚቀጥለው አከራይ ደግሞ ገና ሰላም ሳንለው «ቤቱ ትናንት ተይዟል» አለን። አባቢ «ቤት ፈልገን እንደመጣን በምን አወቀ? ዐዋቂ ነው መሰለኝ» አለኝና ሁለታችንም መንገድ ላይ በሳቅ ሞትን።

አንድ ቢሮ ደግሞ ለመታወቂያ የተነሳሁትን ፎቶ መለሰብን። ጸሐፊው «ዓይኗን ጨፍናለች፤ ገልጣ ትነሳ» አለ።

«ጌታዬ፣ ከተወለደች ጀምሮ እንደጨፈነች ነው።»

«መመሪያው ዓይን ይታይ ይላል።»

«የእኔን አንሱና ከጎን ለጥፉት እንግዲህ» አለ አባቢ። ጸሐፊው መሳቁን ሰማሁ፤ ፎቶውንም ተቀበለ። አያችሁ፣ ሰው ክፉ አይደለም፣ መመሪያ ነው የያዘው።

ቤት የሰጡን ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያሉት እትዬ ወይንሸት ናቸው። ከሸዋ በሙሽርነት መጥተው እዚሁ ያረጁ ሴትዮ ናቸው። ክፍሉን ሳያሳዩን በፊት ሕጋቸውን ዘረዘሩ። «ውሃ ከፍቶ መተው የለም። የሽንት ቤት መብራት አብርቶ መርሳትማ ጨርሶ የለም!»

«እትዬ፣ እኔ መብራት አብርቼ አላውቅም» አልኳቸው።

አበላሸሁት፣ ተቆጡ ብዬ ስፈራ፣ ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። «ወይ ጉዴ! እንግዲያው ከተከራዮቼ ሁሉ የምትበልጪው አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ አባቢ ከክፍላችን በር እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ሽንት ቤት ሲባጎ ዘረጋልኝ። አንድ ቋጠሮ ቧንቧ፣ ሁለት ቋጠሮ ሽንት ቤት። እኔም እንደ ንግሥት እየተንጎራደድኩ ስሄድ እርጥብ ጋቢ ፊቴን ጠቅልሎ ያዘኝ። እትዬ ልብስ አስጥተውበታል!

«እትዬ፣ ይሄ እኮ መንገድ ነው!» አለ አባቢ።

«በእኔ ግቢ መንገድ የምታወጣው ማዘጋጃ ቤት ነህ እንዴ?»

ጋቢው ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልተሰጣበትም። በሳምንቱ ሲባጎውን ስከተል አንድ የማላውቀው ቅርንጫፍ እጄ ላይ መጣ፤ ሦስት ቋጠሮ አለው። ተከትዬው ብሄድ የእትዬ ወይንሸት ማዕድ ቤት ደጃፍ ላይ አቆመኝ። «እሱ የኔ ነው» አሉ ከውስጥ። «ግቢ፣ ድንች ቀቅያለሁ።» ድንቹ የእማን ጎደሬ አያክልም፤ ግን ያን ቀን በላሁት፣ ደግሜም በላሁት።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው። የብሬል ክፍሉ መምህር ቲቸር ሙሉጌታ ይባላሉ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ አባቢን።

«አፍ አላት፣ መምህር፤ ይጠይቋት።»

«እውነትዎን ነው፣ ይቅርታ» አሉና ሳቁ። «እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እኔን ትቶ ከጎኔ ያለውን ሲጠይቅልኝ ኖሬ ነው፣ ተጋብቶብኛል።» እሳቸውም እንደማያዩ ያወቅኩት ያኔ ነው። አባቢ ገና ከበሩ አይቶ ኖሯል፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም።

ቲቸር እውነቱን አልደበቁንም። የቀራቸው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መስከረም ላይ ይፈትኑኛል፤ ፊደሉን ለይቼ ከመጣሁ እገባለሁ። ከሀ የሚያስጀምረኝ ሰው ግን የላቸውም። የሚጻፍበት መሣሪያም ለተማሪዎቹ አልዳረሰም፣ ማዋስ አይችሉም።

«እናቷ ካልተቀበሏት ቡናው ሳይቀላ መልሳት ብላኛለች፤ ታዲያ ፊደሉን የት ትለየው?»

«እሱን እኔም አላውቅም፣ የፎዚያ አባት።»

ወጣን።  እኔ በልቤ ቡናውን እያሰብኩ ነበር። አሁን አረንጓዴ ነው፤ ሲቀላ እመለሳለሁ፤ ተመልሼ ሰፌድ እይዛለሁ፤ እዚያው አረጃለሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

አባቢ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ መሸከም ጀምሮ ነበር፤ የአልጋ ኃላፊው! ምሳ ሰዓት ግን ምሳ አይበላም። ትምህርት ቤቱ ሮጦ የክፍሉ መስኮት ስር ይቆማል። ለክረምቱ የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ አንደኛው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ስሌት የሚሉት መጻፊያ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ወረቀት መሃሉ ይገባል፤ በላይኛው ብረት ላይ ባሉት ጥቃቅን መስኮቶች ውስጥ በመውጊያ ነጥብ ነጥብ ይደረጋል። አንዱ መስኮት ስድስት የነጥብ ቦታ አለው፣ ሁለት ጎን ለጎን፣ ሦስት ወደ ታች። ቲቸር ፊደሉን ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ ልጁ ይወጋል፤ አባቢ መውጊያው የትኛው ጥግ ላይ እንዳረፈ እያየ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይስላል። ወረቀቱማ ነጭ ላይ ነጭ ነው፣ ከመስኮት አይታይም።

ማታ የእትዬን የእንቁላል ካርቶን ቆርጦ ስድስት ጉድጓድ አስቀረ። የእማን ጨርቅ ፈታ። ነጥብ ባለበት ጉድጓድ አንድ ጀንፈል ይከታል፣ ነጥብ በሌለበት ባዶ ይተወዋል።

«ዳስሺ፣ ኢንታላ ኮ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛ ሲቀላቅል ልቡ ደስ ብሎታል ማለት ነው። «ይቺ በ ናት።»

ቡና ነው እኮ! ለጣቴ ምኑ ይከብዳል? በቀን አራት ፊደል፣ አንዳንዴ አምስት እያመጣ፣ ካርቶኖቹን አስከትሎ እየደረደረ ቃል ይሠራልኝ ጀመር። «ከቀኝ ጀምሪ» አለኝ። «ልጁም የሚጀምረው ከቀኝ ነው። ልክ እንደ ቁርአን።» አባቢን ይሄ ምንም አልገረመውም። እሱ ልጅ ሆኖ የተማረው ቁርአን ቤት ነው፤ ቁምነገር ያለው ጽሑፍ ሁሉ ከቀኝ ይጀምራል ብሎ ነው የሚያምነው። ክረምቱ ሲያልቅ ቡና፣ ዝናብ፣ እማ፣ ወይንሸት፣ ሁሉንም በጀንፈል ማንበብ ቻልኩ። እትዬ ስማቸውን ካርቶን ውስጥ በዓይናቸው አይተው «ይሄን ሁሉ ቡና ነኝ እንዴ?» አሉ።

መስከረም ጠባ። እማ ደወለች፤ «ዝቅ ያለው ማሳ ውስጥ አንዳንዱ ፍሬ ቢጫ ጀምሯል» አለች። ቢጫ ከሆነ ቀይ ሩቅ አይደለም።

የፈተናው ቀን አባቢ ካርቶኖቹን በፌስታል ይዞ በሩ ጋ ቆመ። ቲቸር አንድ ወረቀት አቀበሉኝ። «አንብቢልኝ።»

ቢስሚላህ ብዬ ጣቴን ቀኝ ጥግ ላይ አሳረፍኩ። ነጥቦቹ ከጀንፈል ያነሱ ናቸው፤ ግን ጣቴ ወዲያው ለየቻቸው። የለየችው ነገር ግን ቃል አልሆነም። አንዱን አውቀዋለሁ፣ የሚቀጥለውን ከነጭራሹ አይቼው አላውቅም። ቀጠልኩ። ያወጣሁት ድምፅ በኦሮምኛም በአማርኛም የለም። 

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አሉ ቲቸር።

«አባቢ።»

«በምን?»

«በጀንፈል።»

በሩ ጋ ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። አባቢ መጥቶ ካርቶኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ የፈሰሰውን ጀንፈል በየጉድጓዱ መለሰ። ቲቸር ጣታቸውን ወደ ጉድጓዶቹ ሰደዱ። አንዱን ዳሰሱ፣ ሁለተኛውን ዳሰሱ። 

«የፎዚያ አባት፣ ይሄን ከየት አዩት?»

«በመስኮት፣ መምህር። ልጁ ሲወጋ።»

«እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ምሳ ሰዓት ሲሆን ከመስኮቱ የቡና አቧራ ይሸተኛል። ማን ነው እያልኩ ነበር እኮ!» አሉ። «ወንድሜ፣ ብሬል የሚወጋው ከወረቀቱ ጀርባ ነው። ከዚያ ወረቀቱ ይገለበጣል፤ የቀኙ ግራ፣ የግራው ቀኝ ይሆናል፤ ጉብ ያለው ነው የሚነበበው። እርስዎ መወጋቱን አይተዋል፤ መገልበጡን አላዩም።»

አባቢ ወንበር ሳይፈልግ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ድምፁ ከታች ነው የመጣው። «ያ አላህ! ልጄን ገለበጥኳት።»

እኔ ስለ ቦታው አላሰብኩም፣ ወላሂ። ያሰብኩት ያልበላቸውን ምሳዎች ነው። ተነስቼ ወደ ድምፁ ልሄድ ስል ቲቸር ትከሻዬን ያዙኝ፣ መልሰው አስቀመጡኝ፣ ቀዝቃዛ ብረት ፊቴ አስቀመጡ፣ መውጊያውን እጄ ውስጥ ከተው ቀኝ ጥግ ላይ አሳረፉልኝ።

«እማ ትላለች?» አሉ አባቢን።

«ማን?»

«ልጅዎ እናቷን።»

«አዎ።»

«ጻፊ እንግዲህ። እማ፣ ቡናው ሳይቀላ ፊደል ለየሁ።»

ጻፍኩ። መውጊያ ይዤ አላውቅም፤ ግን መስኮቶቹ የእንቁላል ካርቶን ናቸው፣ ትንንሽ ካርቶን፣ ነጥቡም ጀንፈሉ ያለበት ጉድጓድ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።  ቲቸር ወረቀቱን አወጡ፣ ገለበጡት፣ ጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ እንደ አይጥ ኮሽ ኮሽ ይላል። አነበቡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡት!

«ልጆች መጀመሪያ ማንበብ ይለምዳሉ፣ ከዚያ ሲጽፉ ሁሉም ይገለበጥባቸዋል፣ ወራት እንለፋለን» አሉ። «ይቺ ልጅ ከጀርባ ነው የገባችው። መጻፉን ጨርሳ መጥታለች። ማንበቡን በጥቂት ሳምንት እኔ እገለብጥላታለሁ። አባቷ፣ ይነሱ እንጂ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል!»

ያን ቀን እማ ጋ ስንደውል አባቢ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔ ነኝ የነገርኳት። እሷም «እንግዲህ አልጋውን እኔ እጠብቃለሁ» አለች። ጠበቀችውም። ጣቢያው ውስጥ አሁን የአልጋ ኃላፊዋ እማ ናት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቡናው ሁለተኛ ዙር ቀላ። እረፍት ሲሆን እንሄዳለን፤ ግን የቡና መቅያ ጊዜ የትምህርት ጊዜ ነው፣ ሁለቱ አይታረቁም። የክፍሌን ልጆች በጽሑፍ እበልጣቸዋለሁ፣ ጉራ አይደለም፤ ቲቸር ራሳቸው ናቸው ያሉት። ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ ጽፌ፣ ነጥቦቹ እንዳይጨፈለቁ አባቢ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጎ፣ በዚያው ሹፌር ላክነው። ትናንት በምሳ እረፍት የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እማ ደወለች።

«ደርሶኛል። ጉብ ጉብ ይላል። አቧራ ላይ ዝናብ ሲጀምር እንደሚያደርገው።»

«የላይኛውን መስመር ከግራ ጀምሪ። የመጀመሪያው ያንቺ ስም ነው።»

«የት ጋ ነው የሚያልቀው?»

«ባዶ ሲሆንብሽ።»

 ከኋላዋ የመፈልፈያው ሞተር ይሰማኛል፤ ያ ኮምጣጣ ሽታ በስልክ የመጣ መሰለኝ።

«አገኘሁት» አለች። «ስሚኝ ፎዚያ።»

«አቤት እማ።»

«ቡናው ቀልቷል።»

  ያኔ የለመድኩት እጅ ክንዴን ያዘኝ። አባቢ ነው፣ ጆንያውን ጥሎ መጥቷል፤ ከፀሐይ ሊያስነሳኝ።

«ምን አለች?»

«ቡናው ቀልቷል አለች።»

ስልኩን ወሰደ።  ከዚያ «አልጋው ተሸፍኗል?» አለ። «ስድስት ሰዓት ሆኗል እኮ።»

«ሸፍኜ ነው የደወልኩት» አለች እማ፣ እኔ ጋ እስኪሰማ።

አባቢ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ሳይዘጋው፣ ቀስ አድርጎ ጥላው ውስጥ አስገባኝ።